ጦሳ በፎቶ ለምን ያንሳል? የተራራ ፎቶ አነሳስ ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ

ደሴ ላይ ስልክ ያለው ሰው ሁሉ የጦሳን ተራራ አንስቶታል። ፎቶዎቹ ግን ይመሳሰላሉ። ከፊት የቆርቆሮ ጣሪያና የመብራት ምሰሶ ይታያል። ከላይ ሰፊ ነጭ ሰማይ አለ። መሃል ላይ ደግሞ ቀጭን ሰማያዊ መስመር። ያ መስመር ጦሳ ነው። ቀና ብለን ስናየው ከተማውን የሚጋርደው ተራራ ስክሪን ላይ ጉብታ ይሆናል።

ብዙ ሰው ይሄኔ ካሜራውን ይወቅሳል። «ስልኬ ጥራት የለውም» ይላል። ችግሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ ጥራት አይደለም። የርቀት፣ የብርሃንና የአየር ጉዳይ ነው። ሦስቱ የገቡት ሰው በመካከለኛ ስልክም ቢሆን ደህና የተራራ ፎቶ ያነሳል። ሦስቱ ያልገቡት ሰው ደግሞ ውድ ካሜራ ገዝቶም ያንኑ ጉብታ ይዞ ይመለሳል።

ቤቱና ተራራው እኩል የሚሆኑት መቼ ነው?

የስልክ ዋናው ካሜራ ሰፊ ነው። ስልኩን አግድም ስንይዘው ወደ 70 ዲግሪ የሚጠጋ ስፋት ያስገባል። ዓይናችንም ሰፊ ያያል፤ ነገር ግን ትኩረታችን የሚያርፈው ጠባብ ቦታ ላይ ነው። ጦሳን ስናይ ሽቦውንና ባጃጁን እንረሳቸዋለን። ካሜራ ምንም አይረሳም። ሁሉንም ያስገባል፤ ተራራው የሚደርሰው ትንሽ ቦታ ብቻ ነው።

በቁጥር እንየው። አንድ ተራራ ከቆምንበት ቦታ 500 ሜትር ከፍ ይላል፤ ርቀቱ 3 ኪሎ ሜትር ነው እንበል። ከፊታችን በ30 ሜትር ርቀት ደግሞ 5 ሜትር ቁመት ያለው ቤት አለ። 500 ለ3000 ሲካፈል አንድ ስድስተኛ ነው። 5 ለ30 ሲካፈልም አንድ ስድስተኛ ነው። ስለዚህ ፎቶው ላይ ቤቱና ተራራው እኩል ቁመት ይኖራቸዋል። ተራራው ከቤቱ መቶ እጥፍ ቢበልጥም ካሜራው ይህን የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

አሁን ከቤቱ 270 ሜትር ወደ ኋላ እንሂድ። ቤቱ 300 ሜትር ራቀን፤ በፎቶው ላይ 10 ጊዜ አነሰ። ተራራው ግን ከ3000 ወደ 3270 ሜትር ነው የራቀው፤ ቁመቱ ከአስር አንድ እጅ እንኳ አልቀነሰም። አሁን ፎቶው ላይ ተራራው ከቤቱ 9 ጊዜ ይበልጣል። ከዚያ ዙም አድርገን ሁለቱን ብናስገባቸው ጦሳ ከቤቶቹ ጀርባ ግድግዳ ሆኖ ይቆማል። እውነተኛው ደሴም እንደዚያ ነው።

ዙም ተራራን የሚያሳድግ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ዙም ዳር ዳሩን ቆርጦ መሃሉን ብቻ ያስቀራል፤ የቤቱና የተራራው ንጽጽር በዙም አይለወጥም። ንጽጽሩን የሚለውጠው እግር ነው። በአጭሩ ሥራው ሁለት ነው፦ መጀመሪያ ወደ ኋላ መራቅ፣ ቀጥሎ ማጥበብ።

ጦሳ ከደሴ በስተምዕራብ ነው፤ በስተምሥራቅ ደግሞ አዝዋ ገደል አለ። ጦሳን ትልቅ አድርጎ ማንሳት የፈለገ ሰው ወደ ጦሳ መጠጋት የለበትም። ወደ ምሥራቅ ይሂድ፤ በአዝዋ በኩል ካለው ተዳፋት ትንሽ ከፍ ብሎ ወደ ኋላ ዞሮ ይመልከት። ከተማው ከፊት፣ ተራራው ከኋላ ይሰለፉለታል።

ስልካችሁ ላይ 2፣ 3 ወይም 5 የሚል ቁልፍ ካለ ተጠቀሙበት። በአንዳንድ ስልኮች ከኋላው እውነተኛ ሌንስ አለ። ከዚያ በላይ በሁለት ጣት እየዘረጋችሁ ማጉላት ግን ምስሉን መቁረጥ ብቻ ስለሆነ ጥራቱን ይበላዋል። ካሜራ ያላችሁ ደግሞ አብሮት የመጣው 18-55 ሚሊ ሜትር ሌንስ ለጅምር ይበቃል፤ ቁጥሩ ሲበልጥ ሌንሱ ያጠብባል፣ ሲያንስ ያሰፋል። ሁለተኛ ሌንስ ስትገዙ ግን 55-250 ወይም 70-300 ሚሊ ሜትር ይሁን። በተራራ አገር መጀመሪያ የሚገዛው ረጅም ሌንስ ነው፤ ሰፊው ይቆይ። ይህን የምለው አጥብቄ ነው፤ ምክንያቱም የፎቶ ትምህርት የሚሰጡ ብዙዎች ተቃራኒውን ይመክራሉ።

ሰፊ ሌንስ ጥቅም የለውም ማለት አይደለም። እግራችሁ ሥር የሚታይ ነገር ሲኖር ንጉሥ ነው። መስከረም ላይ አደይ አበባ ሜዳውን ሲሞላው ተንበርከኩ፣ አበባውን በአንድ ሜትር ርቀት ያዙ፣ ተራራው ከጀርባ ይሁን። 18 ሚሊ ሜትር ላይ፣ አፐርቸሩን (ብርሃን የሚገባበትን የሌንስ ቀዳዳ፤ የኤፍ ቁጥሩ ሲበልጥ ቀዳዳው ይጠባል) ኤፍ 8 አድርጋችሁ፣ 2 ሜትር ላይ ፎከስ ብታደርጉ በተለመደው አነስተኛ ሴንሰር (ብርሃን ተቀባይ ክፍል) ባለው ካሜራ ከ1 ሜትር ጀምሮ እስከ ሩቁ ተራራ ድረስ ሁሉም ጥርት ይላል። ተራራው ላይ ፎከስ ካደረጋችሁ አበባው ይደበዝዛል።

ስለ ከፍታም አንድ ነገር ልጨምር። ሰው ተራራ ሲያነሳ አናት ላይ መውጣት ይወዳል። ከአናት ሲታይ ግን ሁሉም ነገር ወደ ታች ይሆንና ሸለቆው ጠፍጣፋ ይመስላል። ከግርጌ ሲታይ ደግሞ ፊት ያለው ኮረብታ የኋላውን ይጋርደዋል። ጥሩው ቦታ ወገቡ ነው። የሐረጎ መንገድ ለዚህ ተስማሚ ነው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስትወርዱ ከ600 ሜትር በላይ ትወርዳላችሁ፤ በመንገዱ አጋማሽ ላይ ከላይም ከታችም ተራራ አለ። መኪና ስታቆሙ ግን መታጠፊያ ላይ አይሁን። በዚያ ቁልቁለት ከባድ መኪና ሲወርድ ፍሬኑ የት እንደሚያቆመው አይታወቅም። ሰፋ ያለ ዳር እስክታገኙ ታገሡ።

ፎቶው ውስጥ መጠኑ የሚታወቅ ነገር መግባቱም ይረዳል። ብቻውን የተነሳ ተራራ 50 ሜትር ይሁን 500 ሜትር ማን ያውቃል? ተዳፋቱ ላይ አንዲት ጎጆ፣ የባሕር ዛፍ ረድፍ፣ አህያ የሚነዳ ሰው ሲገባ ግን ሁሉም ይገባዋል።

ፀሐይዋና ጡጫችሁ

የወሎ ደጋ ተራሮች ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት እየፈሰሰ በተደራረበ የእሳተ ገሞራ ቋጥኝ የተሠሩ ናቸው። ገደሎቹ ደረጃ ደረጃ የሆኑት ለዚህ ነው። ይህ ደረጃ የሚታየው ግን ጥላ ሲኖረው ብቻ ነው። የጭቃ ግድግዳ ላይ ባትሪ ፊት ለፊት ብታበሩ ለስላሳ ይመስላል፤ ከጎን ብታበሩ እያንዳንዱ ጭድ ይታያል። የተራራም ነገር እንዲሁ ነው።

ደሴ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ላይ ናት። በሚያዝያ 11 እና በነሐሴ 18 አካባቢ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ ቀጥ ብላ አናታችን ላይ ትቆማለች። ያኔ ተዳፋቱ ሁሉ አንድ ዓይነት ብርሃን ያገኛል፤ ጥላ የለም፣ ቅርጽ የለም። በታኅሣሥ ግን እኩለ ቀን ላይ እንኳ 55 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው የምትወጣው፤ ያውም በደቡብ በኩል አጋድላ። ስለዚህ ከኅዳር እስከ ጥር ረፋዱ ላይም ከሰዓት በኋላም ጠቃሚ ጥላ ይገኛል።

የውጭ የፎቶ ትምህርቶች «ወርቃማው ሰዓት» የሚሉት ጊዜ አለ። ፀሐይ ስትወጣና ስትገባ ያለው ቢጫ ብርሃን ነው። ስሙን ሰምቶ አንድ ሰዓት ሙሉ አለኝ ብሎ የሚዘናጋ ሰው ደሴ ላይ ባዶ እጁን ይመለሳል። ሩቅ ሰሜን ባሉ አገሮች ፀሐይ በሰያፍ እየተንሸራተተች ስለምትገባ ብርሃኑ ይቆያል። እኛ ጋ ቀጥ ብላ ነው የምትወርደው። የመጨረሻዎቹን 6 ዲግሪዎች በ25 ደቂቃ ገደማ ትጨርሳቸዋለች።

በዚያ ላይ ተራራው ራሱ ብርሃን ይሰርቃል። ደሴ ከተማ ውስጥ ፀሐይ «የምትገባው» ጦሳ ጀርባ ስትደርስ ነው፤ ከእውነተኛው መግቢያዋ በፊት። ምን ያህል ቀድማ? በጡጫ ይለካል። እጃችሁን ሙሉ በሙሉ ወደ ፊት ዘርጉና ጡጫ ጨብጡ። የጡጫው ወርድ ወደ 10 ዲግሪ ነው። ፀሐይ በሰዓት 15 ዲግሪ ስለምትሄድ አንድ ጡጫ 40 ደቂቃ ማለት ነው። አንድ ጣት ደግሞ 8 ደቂቃ ገደማ። ፀሐይዋና የጦሳ ጫፍ መሃል ሦስት ጣት ከገባ 24 ደቂቃ ቀርቷችኋል። ፀሐይዋን ትኩር ብላችሁ አትዩ፤ በእጃችሁ ጋርዷት።

ጠዋት ነገሩ ይገለበጣል። ፀሐይ ከአዝዋ በኩል ስትወጣ መጀመሪያ የሚነካው የጦሳ አናት ነው። ከተማው ገና ጥላ ውስጥ ሆኖ ላይኛው ገደል ብቻ ቀይ ይሆናል። እንደ ወሩ ከጠዋቱ 12 እስከ 1 ሰዓት ባለው ውስጥ የሚፈጠር፣ በደቂቃዎች የሚያልቅ ነገር ነው። ለእኔ ደሴ ከምታሳየው ሁሉ ይህን የሚስተካከል የለም። ሙሉ ብርሃን ሲሆን ግን ፀሐይዋ ጦሳን ፊት ለፊት ስለምትመታው ቀለሙ ቢያምርም ቅርጹ ይጠፋል። ያኔ ወደ ከተማው ደቡባዊ ጫፍ ሂዱና ወደ ሰሜን አንሱ። ወይም በኩታበር መንገድ ወጥታችሁ ወደ ደቡብ። ሰንሰለቱን በርዝመቱ ስታዩት ብርሃኑ ከጎን ይመጣና ደረጃዎቹ አንድ በአንድ ይወጣሉ።

የጨረቃ ፎቶ የምትወዱም በወሎ ዕድለኞች ናችሁ፤ የሒጅራውን ቀን የሚነግራችሁ ሰው አታጡም። ሙሉ ጨረቃ ፀሐይ ስትገባ በምሥራቅ ትወጣለች፤ ተራራው ስለሚጋርዳት ደግሞ በአዝዋ ላይ ብቅ እስክትል ሰማዩ ይጨልማል። ፎቶው ላይ ነጭ ክብ ከጥቁር ጀርባ ጋር ብቻ ይሆናል። በሒጅራው ወር 13ኛ ቀን አመሻሽ ግን ወደ 50 ደቂቃ ቀድማ ትወጣለች። መልክዓ ምድሩ ገና ብርሃን ስላለው ሁለቱም አንድ ላይ ይያዛሉ።

ተራራው በርቶ ከተማው ጥላ ውስጥ ሲሆን ካሜራ ሁለቱን እኩል መያዝ አይችልም። ሁልጊዜ ለበራው አድሉ። ስልክ ላይ የበራውን ቦታ ነክታችሁ የፀሐይዋን ምልክት ወደ ታች ጎትቱ። የጨለመውን በኋላ ኤዲት ላይ ማውጣት ይቻላል፤ ነጭ ሆኖ የተቃጠለ ሰማይ ግን አይመለስም። ስልካችሁ ወይም ካሜራችሁ ራው የሚባለውን፣ ካሜራው ያላቀናበረውን ጥሬ ፋይል የሚያስቀምጥ ከሆነ በዚህ ሰዓት አብሩት። የተለመደው የፎቶ ፋይል፣ ጄፔግ፣ ለአንድ ቀለም 256 ደረጃ ብቻ ይይዛል፤ 14 ቢት ራው ከ16 ሺህ በላይ። ጥላውን ስታወጡ ልዩነቱ በግልጽ ይታያል።

ጉም፣ ጭስና አቧራ

ሩቅ ተራራ ሰማያዊ የሚሆነው ቀለሙ ሰማያዊ ስለሆነ አይደለም። በእኛና በእሱ መሃል ያለው አየር ሰማያዊውን ብርሃን ከቀዩ ይልቅ ስለሚበትነው ነው። ርቀቱ ሲጨምር የተበተነው ብርሃን ይጨምራል፤ ተራራው እየነጣ ይሄዳል። አቧራና ጭስ ሲጨመርበት ደግሞ ሰማያዊነቱም ይቀርና ነጭ መጋረጃ ይሆናል። በልግ ዘግይቶ ደረቅ በሆነ የካቲትና መጋቢት ሩቁን ማንሳት ልፋት ብቻ የሚሆነው ለዚህ ነው። በተቃራኒው ዝናብ ካባራ በኋላ ያለው ሰዓት ውድ ነው፤ ዝናቡ አየሩን አጥቦታል። ዶፍ ሲቆም ቡና ቤት ውስጥ አትቀመጡ፣ ውጡ።

ይህንኑ ችግር ወደ ጥቅም መለወጥም ይቻላል። ማለዳ ወይም አመሻሽ ላይ ወደ ፀሐይዋ አቅጣጫ ዞራችሁ፣ ረጅም ሌንስ ይዛችሁ የተደራረቡ ኮረብቶችን አንሱ። የቅርቡ ጥቁር፣ ቀጣዩ ግራጫ፣ የሩቁ ሐመር ይሆናል። ርቀት በቀለም ተለይቶ ይታያል። ኤዲት ስታደርጉ ጭጋግ ማጥፊያውን እስከ መጨረሻው መሳብ ይህን ሁሉ ይገድለዋል። ጭጋጉ ከጠፋ ርቀቱም አብሮ ይጠፋል።

የክረምቱ የደሴ ጉም ሌላ ነገር ነው። ከቆላው በኩል የሚመጣ እርጥብ አየር ተዳፋቱን ሲወጣ ይቀዘቅዝና ደመና ይሆናል። ደሴ ላይ ጉም የምንለው በእውነቱ ደመና ውስጥ መሆናችንን ነው። በየደቂቃው ይዘጋል፣ ይከፈታል። አንሥቶ ወዲያው መሄድ እዚህ አይሠራም፤ ቦታ መርጦ መጠበቅ ነው። ካሜራ ጉምን ሲያይ በጣም የበራ መስሎት ያጨልመዋል፤ ነጩ ጉም አመድ ይመስላል። ስለዚህ እዚህ ላይ የብርሃን ማስተካከያውን አንድ ደረጃ ከፍ አድርጉ። ስልክ ላይ ምልክቷን ወደ ላይ መጎተት ነው።

ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ደግሞ የሸለቆ ጉም አለ። ሌሊቱ ጥርት ሲል መሬቱ ሙቀቱን ይለቃል፤ የቀዘቀዘው አየር ይከብድና በቦርከና ሸለቆ ውስጥ ተጠራቅሞ ያድራል። የማለዳው የማጀት ጭስም ከዚያ በላይ መውጣት ያቅተዋል፤ እንደ ወለል ይነጠፋል። ከሐረጎ ከፍታ ላይ ሆናችሁ ወደ ኮምቦልቻ ስታዩ ጭሱ ከታች፣ የኮረብታው አናት ከላይ ይቀራል። ረፋድ 3 ሰዓት ሳይሞላ ፀሐይ ታፈርሰዋለች።

ስለ ዕቃ

ከሌንሱ ቀጥሎ ገንዘብ የሚገባው ትራይፖድ፣ ባለ ሦስት እግሩ የካሜራ ማቆሚያ ነው። ቀላልና ቀጭን የሆነው ደሴ ነፋስ ላይ አይቆምም። መሃል ያለውን ዘንግ አታውጡ፣ ቦርሳችሁን ሥሩ አንጠልጥሉ። የ2 ሰከንድ ቆጣሪ አብሩ፤ በጣታችሁ ስትጫኑ ካሜራው ይነቀነቃልና። ትራይፖድ ከሌለ የሹተሩ ፍጥነት (ካሜራው ለብርሃን ተከፍቶ የሚዘጋበት ፍጥነት) ከሌንሱ ርዝመት አይነስ፤ ለ200 ሚሊ ሜትር ቢያንስ ከሰከንድ 200ኛ። ለዚያ ሲባል አይኤስኦውን (ካሜራው ብርሃኑን የሚያጎላበትን መጠን) ከፍ ማድረግ ካስፈለገ አብሽሩ፣ ትንሽ ብናኝ ያለው ፎቶ ከደበዘዘ ፎቶ ይሻላል። አፐርቸሩ ኤፍ 8 እና ኤፍ 11 መሃል ይሁን፤ ኤፍ 22 ሁሉንም የሚያጠራ ቢመስልም ብርሃኑ በጠባቧ ቀዳዳ ሲያልፍ ስለሚበተን ምስሉን ያለዝበዋል።

ሌንሱ ላይ የሚገጠም ፊልተር መግዛት ካሰባችሁ ፖላራይዘር የሚባለው ይበቃል። የሰማዩን ሰማያዊ ያጠልቃል፣ ከእርጥብ ቅጠል ላይ ነጸብራቅ ያነሳል፣ ሐይቅ ዳር ስትሆኑ የውሃውን ብልጭታ ይቀንሳል። ብዙ የሚሠራው ፀሐይ በጎናችሁ ስትሆን ነው፤ ከፊት ወይም ከኋላ ስትሆን ምንም ማለት ይቻላል። የቀሩት ፊልተሮች ሥራ አብዛኛው በኤዲት ይተካል።

ያገለገለ ሌንስ ስትገዙ የስልክ ባትሪ አብርታችሁ በአንዱ ጫፍ አስገቡ፣ በሌላው ጫፍ ተመልከቱ። የሸረሪት ድር የሚመስል ነገር ካለ ሻጋታ ነውና ተዉት። እርጥበት ያመጣዋል። የደሴ ክረምት ደግሞ እርጥበት ነው፤ ጫማና ዕቃ ካርቶን ውስጥ የምትገኘውን የእርጥበት መምጠጫ ከረጢት ሰብስባችሁ ካሜራ ቦርሳ ውስጥ ክተቱ።

ከደሴ ብርድ ወደ ኮምቦልቻ ሙቀት ሲወረድ ሌንስ ላብ ያወጣል። ልዩነቱ 4 ዲግሪ ገደማ ሲሆን በማለዳ ከዚያም ሊበልጥ ይችላል። መከላከያው ፌስታል ነው። ከመውረዳችሁ በፊት ካሜራውን ፌስታል ውስጥ አድርጋችሁ አፉን ቋጥሩ፣ ኮምቦልቻ ደርሳችሁ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አትፍቱ። እርጥበቱ ፌስታሉ ላይ ይቀራል። ትርፍ ባትሪም በውስጥ ኪሳችሁ ይሁን፤ ብርድ ላይ ቶሎ ያልቃል።

ፈቃድ

ረጅም ሌንስ ይዞ ተራራ ላይ የቆመ ሰው ጥያቄ ያስነሳል። ጦርነቱ በ2014 ዓ.ም. ሁለቱንም ከተሞች ስለነካ የነዋሪው ጥርጣሬ ተገቢ ነው። ከመውጣታችሁ በፊት ቀበሌ ሂዳችሁ ማንነታችሁንና የምታነሱትን አሳውቁ፤ መታወቂያ ያዙ። የወታደር ካምፕ፣ ድልድይ፣ የአንቴና ማማና የኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ ፎቶው ውስጥ እንዳይገቡ አንግላችሁን ቀይሩ። ሰው ማሳ ላይ ካለ መጀመሪያ ሰላምታ ስጡ፤ «አባባ፣ ተራራውን ላነሳ ነበር፣ እርስዎም ይገባሉ፣ ይፈቅዱልኛል?» ብላችሁ ጠይቁ። እምቢ ካሉ ሌላ ማሳ አለ። ድሮን ግን በቀበሌ ፈቃድ አይበርም። ወደ አገር ለማስገባትም ሆነ ለማብረር የሚመለከተው የመንግሥት አካል ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ወረቀቱን ሳትይዙ ከቤት እንዳታወጡት።